የተናቀው ሰው ወዴት ሄደ?

አማርኛ ሰውን ለመናቅ ቃል ቸግሮት አያውቅም። ምስክር ማብዛት አያሻም፤ አንድ ቀን ከታክሲ ሰልፍ ውስጥ ወይም ከገበያ መካከል ጆሮን አቅንቶ መዋል ይበቃል። «ከቁብ አልቆጠረኝም» የሚል ይሰማል። «ፊት ነሳችኝ»፣ «ከነገርም አልጣፈው»፣ «ጉዳዬም አላለችኝ»፣ «ጆሮ ዳባ ልበስ አሉን»፣ «አይቶ እንዳላየ አለፈኝ»፣ «ገላመጠኝ»፣ «ተጀነነብኝ» ይባላል፤ ልጆቹ ደግሞ ባጭሩ «ዘጋችኝ» ይላሉ። ቃላቱ ዘመዳሞች ይምሰሉ እንጂ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ፊት የነሳ ሰው ዐይኑን ነፍጓል። የገላመጠ ግን ዐይኑን አልነፈገም፤ እንዲያውም እንደ አለንጋ አሳርፎታል። ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው ሰው መስማቱንስ ሰምቷል፤ ሰምቶ ነው ጆሮውን ቆዳ ያለበሰው።

ይህን ሁሉ ሀብት ታቅፎ ያደገ ጸሐፊ ብዕሩን ከወረቀት ሲያገናኝ ምን ይላል? «በንቀት ተመለከተው» ይላል። ትንሽ ሊያሳምረው ሲሻ ደግሞ «ንቀት የተሞላበት ምላሽ ሰጠችው» ይላል። ባለፉት ዓመታት ካነበብኳቸው አዳዲስ ልቦለዶች፣ በተለይም ከትርጉም ሥራዎች መካከል ይህ ሐረግ ያልገባባቸውን መቁጠር የሚቀል ይመስለኛል። አንድ ምሳሌ ላቁም። ዓረፍተ ነገሩን ያበጀሁት እኔ ነኝ፤ ዐይነቱን ግን አንባቢዬ ከየገጹ ያውቀዋል።

«ጸሐፊዋ ለባለጉዳዩ ጥያቄ ንቀት የተሞላበትና ደንታ ቢስ የሆነ ምላሽ ሰጠች።»

ሰዋስዉ አልተጣሰም። ባለቤት አለው፣ ማሰሪያ አንቀጽ አለው፣ ቅጽሎቹም በየቦታቸው ተሰልፈዋል። ግን ሴትየዋ ምን አደረገች? ቀና ብላ አይታዋለች ወይስ አላየችውም? ስልኩን ትታ ነው የመለሰችለት ወይስ ስልኩን እያናገረች በእጇ ወዲያ አለችው? ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ ሰውየው የት ገባ? የተናቀው እሱ ነበር። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ግን እሱ ራሱ የለም፤ ያለው ጥያቄው ነው። ንቀቱም ከሴትየዋ ተነሥቶ ሰውየው ዘንድ አልደረሰም፤ መንገድ ላይ ቀርቶ ምላሹ ውስጥ ተሞልቷል፤ ጠላ ገንቦ ውስጥ እንደሚሞላ። አሁን ይህንኑ ነገር ሰውየው ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሲያወራት እንስማው፦ «ኧረ ቀና ብላም አላየችኝ! ከሰውም አልቆጠረችኝ እኮ!»

የኔ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ንቀት በአማርኛ ከሁሉ አስቀድሞ ግሥ ነው፤ ግሥ ስለሆነም ናቂውንና የተናቀውን አያይዞ ይዞ ይዞራል። «ናቀኝ» በሉ። ሦስት ፊደል፣ ሁለት ሰው። የናቀው እዚያ ውስጥ አለ፤ የተናቅኩት እኔም በመጨረሻዋ «ኝ» ውስጥ ተቀምጫለሁ። አንዳችን ያለ ሌላችን አንቆምም። «ተጀነነብኝ» ሲባልማ «ብኝ» የምትለዋ ምዕላድ ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ እንደወደቀ ሳይቀር ትናገራለች። ቅጽሉ እንኳ ብቻውን መቆም ያስቸግረዋል። «ናቂ ነው» ብሎ ዝም ያለ ሰው ወዲያው «ማንን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ነው ሕዝቡ «ሰው ናቂ» የሚለው። የጥንቶቹ ሊቃውንት መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጁ ግሡን በራስጌ አስቀምጠው ስሙንና ቅጽሉን በግርጌው ያስከትሉ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የኪዳነ ወልድ ክፍሌ ግእዝም፣ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ አማርኛም በዚሁ ሥርዐት የሄዱ ናቸው። ሥርዐቱ ለፈላጊ አስቸጋሪ ነው እየተባለ ይታማል። እኔ ግን የቋንቋውን ጠባይ አውቆ የተሠራ ነው እላለሁ፤ መጀመሪያ ድርጊቱ፣ ከዚያ በኋላ ስሙና መልኩ።

ታዲያ ቅጽሉ ከየት መጣብን? ከፊሉ ከእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ «ዲስሚሲቭ» የምትባል አንዲት ቅጽል አለች፤ ተርጓሚ ወዳጆቼን ስታማርር የኖረች። ሰውን ወይም ሐሳብን ዋጋ የለውም ብሎ ሳያዩት ገፋ የማድረግን ጠባይ ትገልጻለች፤ ንቀትም አለባት፣ ግዴለሽነትም አለባት። እንግሊዞቹ በዕለት ተዕለት ንግግራቸው ከመልስም፣ ከእጅ እንቅስቃሴም፣ ከአለቃም ጋር ያለ ጭንቀት ያጣብቋታል። የኛ ተርጓሚ ይህችን ቃል ሲያገኝ ከሁለት ይሰነጥቃታል፤ «ንቀት የተሞላበት» ለአንዱ ግማሽ፣ «ደንታ ቢስ» ለሌላው ግማሽ። ሁለቱን በ«ና» ሲሰፋቸው ስፌቱ ይታያል። አማርኛ ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ ያሳደገው በከንቱ አይደለምና። የናቀ ሰው መዝኗል፤ ከመዘነ በኋላ ነው ቀለለብኝ ያለው። ግዴለሽ ግን ሚዛኑንም አላወጣ። ታዲያ ሳይመዝን የናቀ ሰው በአማርኛ ምን ይባላል?

ለዚህ መልሱ ሲነገር የኖረ ነው፤ ቅጽል ስላልሆነ ብቻ ከዐይናችን ተሰወረ። «አልቆጠረም» ነው። ከቁብ አልቆጠረውም፤ ከምንም አልቆጠረውም፤ ከሰው አልቆጠረውም። አለመቁጠር ንቀትም ነው፣ ግዴለሽነትም ነው፤ በግ ሲቆጥር አንዷን የዘለለ እረኛ ጠልቷት ይሁን ረስቷት፣ ለበጓ ለውጥ የለውም፤ ከቁጥሩ ጎድላለች። እዚህ ላይ አንድ የሚገርመኝን ነገር ጣል ላድርግ። «ቁብ» እና «ደንታ» የሚባሉት ቃላት በአዎንታ ሲነገሩ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ደንታ የለውም» እንላለን፤ «ደንታ አለው» ግን ለአፍ ይጎረብጣል። «ከቁብ ቆጠረኝ» ብሎ የተደሰተ ሰውም አላጋጠመኝም። ሁለቱ ቃላት የሚኖሩት በአሉታ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሰው ሲጎድልባቸው ብቻ ብቅ ይላሉ።

ግሥ ወደ ቅጽልነት ሲሻገር ጠባዩም ይለወጣል። «ግድ የለም» የሚለውን አስቡት። ሕፃን ብርጭቆ ሰብሮ ሲደነግጥ እናቱ «ግድ የለም ልጄ» ትለዋለች። አውቶቡስ ያመለጠውን መንገደኛ «ግድ የለም፣ ሌላ ይመጣል» ብለን እናጽናናዋለን። ከአማርኛ የማጽናኛ ቃላት ሁሉ ለስላሳው እሱ ይመስለኛል። ቅጽል ሲሆንና «ግዴለሽ» ሲባል ግን ስድብ ሆኖ ቁጭ። «ኮራ»ም እንደዚሁ ነው። «ኮራሁብህ» የሚል አባት ልጁን መረቀ፤ «ኮራብኝ» የምትል ጎረቤት ደግሞ ጎረቤቷን ከሰሰች። በሁለቱም ውስጥ ያለችው «ብ» አንድ ናት። ወደ ቅጽሎቹ ስንመጣ «ኩሩ» ምስጋና ይሆናል፤ ኩሩ ሕዝብ ነን እያልን በየበዓሉ የምንደሰኩረው ለዚህ ነው። «ኩራተኛ» ግን ወቀሳ ነው። ከአንድ ሥር የወጡ ሁለት ቅጽሎች አንዱ ለራሳችን፣ ሌላው ለጎረቤታችን የተሰፉ ይመስላሉ።

ሌላም አለ። ንቀት በአማርኛ አቅጣጫ አለው፤ እንደ ውኃ ቁልቁል ይወርዳል። ሽቅብ የሚሄደው ንቀት ሳይሆን ድፍረት ይባላል። ለዚህ ከሕግ ቋንቋ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። እንግሊዝኛው ፍርድ ቤትን የሚያዋርድ አድራጎት በቀጥታ የፍርድ ቤት ንቀት ይለዋል። እኛ ግን «ችሎት መድፈር» ነው ያልነው። ተከሳሽ ከሣጥን ውስጥ ቆሞ ዳኛ ሊንቅ እንደሚችል ቋንቋው ለማመን የከበደው ይመስላል፤ ቢበዛ ቢበዛ ይደፍራል እንጂ። አባት ልጁን «ናቅኸኝ!» ብሎ ሲቆጣስ? የቁጣው ትልቅነት እዚያው ላይ ነው፤ ደፈርኸኝ ቢል ልጁ ከታች ሆኖ አጠፋ ማለት ነው፤ ናቅኸኝ ሲለው ግን ልጁ ከበላዩ ተቀምጦ ቁልቁል አይቶታል። ግዴለሽነትን በተመለከተ ደግሞ ሕጉ የራሱን ቃል መርጧል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ «ቸልተኝነት» ይለዋል። «ቸል አለ» ከሚል የቤት ቃል ተነሥቶ ሰው እስከ ማሳሰር የደረሰ ስም ነው፤ እዚያ ቦታው ነውና ቅሬታ የለኝም። ሕግ ጠባይን በስም መጥራት ይገባዋል።

ቅሬታዬ የቢሮው ቋንቋ ላይ ነው። ከመስኮት በስተጀርባ ተቀምጦ «ነገ ተመለስ» የሚለውን ሰው፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ደግሞ ፋይሉን ታቅፎ የቆመውን ባለጉዳይ ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ አንዳንዴ አንዱን፣ አንዳንዴ ሌላውን ሆነናል። ዓመቱ ሲያልቅ ስለዚህ መስኮት ሪፖርት ይጻፋል። ሪፖርቱ ምን ይላል? «ለተገልጋዩ ኅብረተሰብ ተገቢውን ትኩረት ያለመስጠት ችግር ይስተዋላል» ይላል። እስቲ ይህን ሐረግ ቀስ ብላችሁ ፍቱት። «ይስተዋላል» ማን ነው ያስተዋለው? «ያለመስጠት» ማን ነው ያልሰጠው? «ተገልጋዩ ኅብረተሰብ» ያ ፋይል ታቅፎ የቆመው ሽማግሌ ነው? ናቂም የለም፣ የተናቀም የለም፤ የቀረው «ችግር» ብቻ ነው፤ እሱም ሰው አላመጣውም፣ እንደ ጉንፋን ነፋስ ያመጣው ነው። ልቦለድ ጸሐፊው «ንቀት የተሞላበት ምላሽ» ሲል ሳያውቀው የዚህን ሪፖርት ብዕር ተውሷል። ለቢሮው ጥቅም አለው፤ ተጠያቂ አይኖርም። ለደራሲው ጥቅሙ ምንድን ነው?

ስለ ትርጉም ካነሣሁ አይቀር የአካል እንቅስቃሴንም ልጨምር፤ ቅጽልን የሸሹ ተርጓሚዎች አንዳንዴ ወደ ባሰ ነገር ይገባሉና። የፈረንጅ ልቦለድ ውስጥ ያለ ሰው ሲንቅ ከንፈሩን ያጣምማል። ይህን «ከንፈሩን መጠጠ» ብሎ የተረጎመ ሰው ንቀትን ወደ ሐዘኔታ ለወጠው፤ እኛ አገር ከንፈር የሚመጠጠው ለቅሶ ቤት ነው፣ ለማኝ ፊት ነው። ግዴለሽነቱን ለመግለጽ ደግሞ ፈረንጁ ትከሻውን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ተርጓሚያችን «ትከሻውን ሰበቀ» ይላል። እዚህ ላይ ሳቄን መቆጣጠር ያቅተኛል። በአማርኛ ትከሻ የሚሰበቀው ለእስክስታ ነው! ሚስቱ «ፍታኝ» ብላ እያለቀሰች ባልየው ትከሻውን ሲሰብቅ እኔ የማየው ዳንኪራ የወረደ ሰው ነው። የኛ ናቂ ይህን ሁሉ አያደርግም። ከእግር እስከ ራስ ያያል፤ ይገረምማል፤ ፊቱን ያዞራል፤ ወይም ሲጠሩት «አቤት» ሳይል ይቀራል። ሲናገር ደግሞ የጾታ ምልክቱን ይለውጥና ወንዱን «ይቺ» ይለዋል። «ይቺን ይወዳል!» «ይቺ ባቄላ ካደረች አትቆረጠምም።» አንዲት «ቺ» ሙሉ ሰው አሳንሳ ኪስ ውስጥ ትከታለች። «እርስዎ» ይባል የነበረ ሰው አንድ ቀን በድንገት «አንተ» ሲባልም እንደዚያው ነው፤ ማንም «በንቀት» ብሎ ማብራራት አያስፈልገውም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፀጥ ይላል።

ንቀት በጠባይ መግለጫ ሳይሆን በመጠሪያ ውስጥ እንደሚያድር የገባቸው የቋንቋ ሊቃውንት ብቻ አልነበሩም። ዳግማዊ ምኒልክ በዘመነ መንግሥታቸው ማለቂያ ግድም ስለ እጅ ሥራ ባለሙያዎች ያስነገሩት አዋጅ የታወቀ ነው። ንጉሡ «ሠራተኛን አትናቁ» ብለው በደፈናው አላለፉም። ሕዝቡ ብረት የሚሠራውን ምን ብሎ እንደሚሰድበው፣ ሸማ የሚሠራውን ምን እንደሚለው፣ የሚጽፈውን፣ የሚነግደውን ምን እንደሚለው እያነሡ ነው የከለከሉት። የሚከለከለው ቃሉ እንደሆነ ዐውቀዋል። ደግሞም የሚያሳዝነው የቃሉ ጣጣ ነው፤ «ባለእጅ» ማለት ፊደሉ እንደሚለው እጅ ያለው ሰው ማለት ነው። እጅ ያለው መሆኑ ስድብ የሆነበት ቋንቋ ውስጥ «ንቀት የተሞላበት አነጋገር» የሚል ማብራሪያ ምን ይጨምራል?

ከልቦለዶቻችን መካከል ይህን ከማንም በላይ የተረዳው ሐዲስ ዓለማየሁ ይመስለኛል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ንቀት የሞላበት መጽሐፍ ነው፤ ሴራው ራሱ የሚሽከረከረው በእሱ ዙሪያ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የመጣውን ባል ሁሉ በዘር መዝነው ቀለለብኝ ሲሉ ኖረው ልጂቱ ዕድሜዋ ገፋ፤ ገበሬዎቻቸውንም ሰው መሆናቸውን ዘንግተው ያልተለመደ መዋጮ ጣሉባቸው፤ የዚያን ውጤት ደግሞ በአበጀ በለው እጅ ተይዘው ዐዩት። «የናቁት ያስረግዛል» የሚለው ተረት በጎጃም ምድር ሲፈጸም ማየት ነው። በነገራችን ላይ የተረቱን ሰዋስው ልብ በሉ፤ የተናቀው ሰው እዚያ ውስጥ ባለቤት ሆኖ ተነሥቷል።

ግን እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ፊታውራሪው አይደሉም፤ ካሣ ዳምጤ ነው። ይህን ስም ስንቶቻችሁ ወዲያው ዐወቃችሁት? ጉዱ ካሣ ብል ኖሮ ሁላችሁም ታውቁት ነበር። ያገሩ ሰው የሰውየውን ሐሳብ አልተከራከረበትም፤ አልመለሰለትም፤ «ጉዱ» አለውና ተገላገለ። ከላይ ተርጓሚን ታስጨንቃለች ያልኳት ያቺ የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ሥጋ ለብሳ የቆመችው እዚህ ነው። ሁለት ፊደል ናት። ንቀትም አለባት፣ መሰልቸትም አለባት፣ «እሱን ተዉት» የሚልም አለባት። ሐዲስ ዓለማየሁ «ሕዝቡ ካሣን በንቀትና በግዴለሽነት ያየው ነበር» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ እኛ አንባቢዎቹ ከሕዝቡ ተለይተን፣ ከካሣ ጎን ቆመን፣ ንጹሕ ሆነን በተቀመጥን ነበር። እሱ ግን ቅጽል ስሙን አስቀመጠልን። ወጋየሁ ንጋቱ ልቦለዱን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክልን ደግሞ ስሙ ከነድምፁ በየቤታችን ገባ። ዛሬ ሰውየውን እናደንቀዋለን፤ ከዘመኑ የቀደመ አሳቢ እያልን በየጽሑፋችን እንጠቅሰዋለን፤ ስንጠራው ግን የናቁት ጎረቤቶቹ ባወጡለት ስም ነው የምንጠራው። ከስልሳ ዓመት በኋላም ማለት ነው። ደራሲው ይህን አስቦ ይሁን አይሁን አያጨቃጭቀኝም፤ መጽሐፉ አድርጎታል።

አሁን ወደ ራሳችን መንደር ልመለስ፤ ወደ ሐያስያኑ። መጽሐፍን መናቅ የሐያሲ መብት ነው፤ አንብቦ፣ መዝኖ፣ «ቀለለብኝ» ማለት። እኔን የሚያሳስበኝ ሳይቆጥሩ ማለፍ ነው። የዚህ ዋና መሣሪያ «ተራ» የምትባለው ቅጽል ናት። «ተራ ልቦለድ»፣ «ተራ ግጥም»። ቃሏ ስትወለድ ክፉ አልነበረችም። ተራ ማለት ረድፍ ነው፤ ወረፋ ነው። መርካቶ ብትወርዱ ሸማ ተራ አለ፣ ምን አለሽ ተራ አለ፤ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው፣ ሰው የሚጋፋው እዚያ ነው። ወታደር ቤትም «ተራ ወታደር» ማዕረግ ነው እንጂ ነቀፋ አይደለም። በሒስ ገጽ ላይ ስትወጣ ግን መጽሐፉን ካልተከፈቱት ረድፍ ትመልሰዋለች። ከ«ተራ» ቀጥላ የምትመጣው «አይገባም» ናት። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ፣ የሰሎሞን ዴሬሳ «ልጅነት» በ1963 ዓ.ም. ሲከተል፣ አንዱን አስቸጋሪ ነው፣ ሌላውን ይህማ ግጥም አይደለም እያለ የሸሸው አንባቢ ብዙ ነበር። አስቸጋሪ መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን «አይገባም» ባለቤቷ መጽሐፉ ነው፤ «አልገባኝም» ብትሆን ኖሮ አንድ ሰው፣ አንድ አንባቢ፣ በ«ኝ» ውስጥ ይገኝ ነበር፤ ከዚያ ሰው ጋር ደግሞ መከራከር ይቻላል። ከ«አይገባም» ጋር ማን ይከራከራል? ሁለቱም መጻሕፍት ቆይተው አንባቢያቸውን ማግኘታቸው ይህን አያስተሰርየውም፤ በመካከሉ ስንት ደራሲ መጻፍ እንዳቆመ የሚቆጥር የለም።

የመጨረሻዋና የምትብሰው «ተብዬ» ናት። «ደራሲ ተብዬው»፣ «ሐያሲ ተብዬዎቹ»፣ «ምሁር ተብዬ»። የኛ የዕለት ተዕለት ንቀት ያለ እሷ አይነጋለትም፤ ከቡና ቤት እስከ ፓርላማ፣ ከጋዜጣ እስከ መድረክ ሁሉም ይጠቀምባታል። ሥራዋ ቀላል ነው፤ የሰውን ማዕረግ ሳትነካ ከኋላ ተለጥፋ ታረክሰዋለች። ደራሲ አይደለህም ብትሉት ማስረጃ አምጡ ይላችኋል፤ «ደራሲ ተብዬ» ብላችሁት ብትሄዱ ግን ምንም አላላችሁም፣ ሁሉንም ብላችኋል። እኔ በጽሑፌ ውስጥ አላስገባትም፤ ይህን የምለው ግን የጨዋነት ነገር ሆኖብኝ ብቻ አይደለም። ቃሏን አንድ ጊዜ ፈትቼ ስላየኋት ነው። ከ«ተባለ» የመጣች ናት፤ ይህ ግልጽ ነው። እንግዲህ ባለቤቷን ፈልጉ። እሱ ቢሆን «ተብሎ» እንላለን፤ እሷ ብትሆን «ተብላ»፤ እነሱ ቢሆኑ «ተብለው»። «ተብዬ» የማን ናት? «ሌባ ተብዬ ታሰርኩ» የሚል ሰው ስትሰሙ ማን እየተናገረ ነው? እኔ የሚለው ሰው ነው። ቅርጿ የአንደኛ መደብ ነው። «ደራሲ ተብዬው» ብለን ወረወርነው ስንል በቃሉ ቅርጽ ውስጥ አፉን ከፍቶ የሚናገረው ያ የናቅነው ሰው ነው፦ ደራሲ ተብዬ፤ እኔ፣ ደራሲ ተብዬ።